ተረጋግጧል ብዬ የፈረምኩባቸው ቴፖች

የምነግራችሁ ነገር ማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ አርብ ከሰዓት በኋላ አለቀ። አራት ቀን እንኳ አይሞላም። ከዚያ በፊት የነበርኩት ሴትና ዛሬ ያለሁት ሴት ግን መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም የሚባባሉ አይመስለኝም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እስቴ ተወልጄ አደግሁ፤ ኮምፒውተር ተማርኩና ወገዳ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራችን የገበሬውን የመሬት ይዞታ መመዝገብ ነው። የማን መሬት የት እንዳለ፣ ከማን እንደሚዋሰን፣ ከባል ወደ ሚስት ወይም ከአባት ወደ ልጅ መቼ እንደዞረ፣ ሁሉም እኔ ክፍል ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ነበር። ሰርቨር ስላችሁ የተለየ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የልብስ ሻንጣ የሚያህል፣ ቀን ሙሉ የሚያጉረመርም ኮምፒውተር ነው። ከጎኑ ቴፕ ድራይቭ የሚባል ዕቃ ነበረው። ድሮ አንድ ፕሮጀክት ያመጣው ነው። ሥራ ስንጨርስ መዝገቡን በሙሉ ቴፕ በምንለው፣ መዳፍ በሚያህል የፕላስቲክ ካሴት ላይ ይገለብጣል። ሰርቨሩ አንድ ቀን ቢሞት መዝገቡ ከካሴቱ ይነሣል ተብሎ ነው። ሰባት ካሴቶች አሉን፤ ሦስቱ በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ፣ አራቱ የየወሩን መጨረሻ ይዘው ይቀመጣሉ። ቅጂውን በኢንተርኔት ወደ ሌላ ከተማ መላክ አይታሰብም፤ ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ቆይቷል።

ድራይቩ ላይ አንዲት ብርቱካንማ መብራት አለች። ስትበራ ቴፑን የሚያነብበትና የሚጽፍበት «ራስ» የሚባለው ክፍል ቆሽሿል፣ ይጽዳ ማለቷ ነው። በበጋ የወገዳ አቧራ በር ዘግተውበትም ይገባል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ትበራለች። የማጽጃ ቴፕ አለን። ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ ያህል እያጉረመረመ ይቆያል፣ ይወጣል፣ መብራቷም ትጠፋለች። ከየካቲት ወዲህ ግን ማሽኑ የማጽጃውን ቴፕ በግማሽ ደቂቃ መትፋት ጀመረ። መብራቷ ጠፋ ትልና በማግስቱ ትመለሳለች። እኔ ማሽኑ ፈጠነ ብዬ ደስ አለኝ።

ሌላም ምልክት ነበረ። አርባ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው መገልበጥ ከሁለት ሰዓት በላይ መውሰድ ጀመረ። ቴፑ ወደፊት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲል እሰማዋለሁ። ቁጭ ብዬ መጠበቅ ሲሰለቸኝ፣ የተጻፈውን መልሶ እያነበበ የሚያረጋግጠውን ትእዛዝ አጠፋሁት። ያን ጊዜ ሥራው በግማሽ አጠረ። የቅጂ መከታተያ ደብተሬ ላይ ግን ሁለት ዓምዶች አሉ፤ አንዱ «ተገልብጧል»፣ አንዱ «ተረጋግጧል» ይላል። በየቀኑ ሁለቱንም ምልክት አደርግና እፈርማለሁ።

ለምን ብትሉኝ ምክንያት መደርደር አያቅተኝም። መብራት ይቆራረጣል፣ ሥራው ብዙ ነው፣ ብቻዬን ነኝ። እውነቱ ግን ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

ሰኔ ገባና ተጋመሰ። ሰኞ ማታ ከባድ ነጎድጓድ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ክፍሌን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሰርቨሩ ድምፅ የለውም። ፈታሁት፤ ሁለቱም ዲስኮች ተቃጥለዋል።

አልደነገጥኩም። ይህን ልብ በሉልኝ። አለቃዬ አቶ ሙሉቀን በሩ ላይ ቆመው «አለቀልን በይኛ» ሲሉኝ ሳቅ ብዬ «ቴፕ አለን» አልኳቸው።

እሳቸው ከመውጣታቸው አንዲት ሴት ገቡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አለፍ ያለ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ናቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክቷቸዋል።

«የመሬቱን ወረቀት የምታወጪው አንቺ ነሽ አሉኝ፣ ልጄ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗል። በቅበላ ሳምንት እኛው ዘንድ መጥተው በፊርማ ፋንታ ቅጽ ላይ ጣታቸውን አኑረው መሬቱ ወደ ስማቸው እንዲዞር ተደርጓል። የባላቸውን የይዞታ ደብተር ተቀብለን፣ አዲሱ ሲመጣ እንጠራዎታለን ብለን ሸኝተናቸዋል። ደብተሩ እስከዚያ ቀን አልመጣም።

«አሁን የባሌ ወንድም ጥማዱን ይዞ ገብቶ እያረሰው ነው» አሉኝ። «ፍርድ ቤቱ ለአርብ ስምንት ሰዓት ቀጥሮኛል። በስምሽ የዞረበትን ማስረጃ አምጪ ነው ያሉኝ። የገብሱ ዘር ጊዜ ደግሞ እያለፈ ነው።»

ጣት ያኖሩበትን ቅጽ ፍለጋ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄድኩ። ዝናቡ በጣራው ገብቶ የዓመቱን ቅጾች እርስ በርስ አጣብቋቸዋል፤ ቀለሙ ፈስሷል። አንዱን ከአንዱ ልለይ ስሞክር እጄ ላይ ተበጣጠሰ።

«ይቀመጡ እትዬ፣ ከቴፑ ላይ አወጣዋለሁ። አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

ድራይቩን ከራሴ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁና የቅርቡን ቴፕ አስገባሁ። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ። ተፋው። ማንበብ አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ያለፈውን ሳምንት አስገባሁ። እሱንም ተፋው። ሦስተኛውም ተመለሰ። አራተኛውም ያው ነው።

«አልወጣም እንዴ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላዬ።

«ይወጣል» አልኩ፤ ዞሬ ግን አላየኋቸውም።

ማሽኑን ድሮ የተከለው ደሳለኝ ነው። ከእኛ ዘንድ ወደ ንፋስ መውጫ ከተማ ተዛውሯል፤ የሚሠራበት መሥሪያ ቤትም ያንኑ ዓይነት ድራይቭ አለው። ደወልኩለት። የስልኩ መስመር እየተቆራረጠ ነገርኩት።

«ስንት ቴፕ ሞከርሽ?»

«አራት።»

«አራቱም እምቢ አሉ?»

«አራቱም።»

«በይ እጅሽን ሰብስቢ። አምስተኛውን እንዳታስገቢ፤ የቆሸሸ ራስ ደህናውንም ቴፕ ያበላሻል። የተለያየ ቴፕ በአንድ ድራይቭ ላይ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድራይቩ ነው። አንዱ ቴፕ በሁለት ድራይቭ ላይ እምቢ ካለ ግን ጥፋቱ የቴፑ ነው። የማጽጃውን ቴፕ መቼ ቀየርሽው?»

«ይቀየራል እንዴ?»

«ገነት» አለኝ በቀስታ፣ «ሃምሳ ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚያጸዳው። ሲያልቅ ማሽኑ ያየውና ሳያጸዳ ይተፋዋል። ቶሎ ይተፋው ነበር?»

«በግማሽ ደቂቃ» አልኩት።

«ሰባቱንም ቴፕ ይዘሽ ነይ። እዚህ እንያቸው።»

ስልኩን ስዘጋ እትዬ ጥሩወርቅ ተነሥተው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

«የት ነው የምንሄደው?»

«እርስዎ እዚህ ይጠብቁኝ፣ ንፋስ መውጫ ደርሼ...»

«ስሜ ያለው በዚያ ካሴት ውስጥ ነው ካልሽኝ፣ ካሴቱ በሄደበት እሄዳለሁ።»

ረቡዕ ማለዳ ሚኒባስ ያዝን። ሰባቱን ቴፖች በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ቦርሳውን ጭኔ ላይ አቀፍኩት። የመንገዱ ጭቃ መኪናውን ወዲያና ወዲህ ይጥለዋል። ሁለቴ ወርደን በእግራችን አለፍን። እኔ የማስበው መብራቷን ነው። ስንት ቀን በርታ ነበር? ከመቼ ጀምሮ? በጣቴ ስቆጥር ቆይቼ መጋቢት ላይ ስደርስ ተውኩት።

ከአጠገባችን የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ቄስ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ። እትዬ ጥሩወርቅ ሁሉንም ነገሯቸውና ወደ እኔ እያመለከቱ «ይቺ ልጅ ናት ለእኔ ብላ በዚህ መንገድ የምትንከራተተው። ማሽን ነው የከዳት እንጂ እሷስ ሥራዋን ሠርታለች» አሉ።

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና «እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ፣ ልጄ» ብለው ግንባሬን አሳለሙኝ።

አልቻልኩም። ቄሱ አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ ላይ እስኪወርዱ ጠበቅሁና ነገርኳቸው። ማሽኑ ለወራት ሲያስጠነቅቀኝ እንደነበር፣ ያለቀ ማጽጃ አስገብቼ ጸዳ እንዳልኩ፣ ማረጋገጫውን አጥፍቼ ተረጋግጧል ብዬ እንደፈረምኩ። እትዬ ጥሩወርቅ መስኮቱን እያዩ ሰሙኝ። መንገደኛው ያወራል፣ ሹፌሩ ይሳደባል፣ እኔ የሳቸውን አፍ እጠብቃለሁ።

በመጨረሻ «እኔ ጎተራዬን ከላይ በጭቃ እመርገዋለሁ» አሉ። «ከውጭ ላየው ሰው ደህና ነው። ነቀዝ ግን ከውጭ አይታይም። በየወሩ እከፍትና እጄን እስከ ብብቴ ከትቼ ከሥሩ እዘግናለሁ። አንቺ እጅሽን ከተሽ አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«እንግዲህ ሆኗል። ከዛሬ ወዲያ ግን እኔን እንዳትዋሺኝ። የሚዋሸኝ አንድ ሰው አለኝ፣ የባሌ ወንድም ይበቃኛል።»

ንፋስ መውጫ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ደሳለኝ ቴፖቹን አንድ በአንድ ብርሃን ላይ አይቶ በተራ ደረደራቸው። ሦስቱ የሰኔ ናቸው፤ የቀሩት የግንቦት፣ የሚያዝያ፣ የመጋቢትና የየካቲት መጨረሻ ቅጂዎች ናቸው። ከቅርቡ ጀመረ። የሱ ድራይቭ ድምፁ አንድ ወጥ ነው፤ ወንፊት ላይ እህል እንደሚንሸራተት ያለ። የእኔ ቴፕ ሲገባ ግን ተንተባተበና ቆመ። ሁለተኛው ቆመ። ሦስተኛው። ግንቦት። ሚያዝያ።

«እነዚህ በቆሸሸ ራስ የተጻፉ ናቸው» አለ። «የትም ብትወስጃቸው አይነበቡም። ከመጀመሪያውም በደንብ አልተጻፉም።»

መጋቢት ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። እትዬ ጥሩወርቅ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። ደሳለኝ የየካቲትን አስገባ። ያ ወጥ ድምፅ ቀጠለ። አሥር ደቂቃ። ሃያ። ማናችንም አልተቀመጥንም። አርባ ደቂቃ ሊሞላ ሲል ቴፑ ሳይንተባተብ አለቀ።

«ይሄ ደህና ነው!»

እትዬ ጥሩወርቅ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እልል አሉ። «ቅበላ የካቲት ነበር! እኔ አለሁበት!»

እኔ ግን ደስ አላለኝም። ደሳለኝም አየኝ። የተፈረመ ቅጽ በዚያው ቀን ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ተደራርቦ ተራ ይጠብቃል። አንዳንዱ ሁለት ቀን ይቆያል፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት። እንዳትዋሺኝ ብለውኛል።

«እትዬ» አልኩ፣ «ጣትዎን ያኖሩበትን ወረቀት መቼ እንደጻፍኩት አላስታውስም። ቴፑ ከመቀዳቱ በፊት ከሆነ አለ። ካልሆነ የለም።»

እጃቸው ከአፋቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «አሁን ክፈቺውና እንየው።»

መዝገቡን የሚከፍተው ፕሮግራም ያለው ወገዳ ነው። ደሳለኝ አዲስ የማጽጃ ቴፕና አንድ ትርፍ ዲስክ ሰጠን። ሐሙስ ሙሉ ጠዋት ዘነበ፤ መኪና የሚባል የለም። ወደ ማምሻው አርብ ገበያ ደረስንና ከእትዬ ጥሩወርቅ ዘመድ ቤት አደርን። አርብ ገና ሳይነጋ የእህል መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ተሳፈርን። የገበያው ሰው አህያውን እየነዳ በፊታችን ይጎርፋል፤ መኪናው ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ እሳቸው ሰማዩን።

ወገዳ ስንገባ አምስት ሰዓት አልፏል። ሮጬ ገባሁ። ዲስኩን ቀየርኩ። አዲሱን የማጽጃ ቴፕ አስገብቼ ዓይኔን ከሰዓቴ ላይ አልነቀልኩም። ሙሉ ሁለት ደቂቃ አጉረመረመ። ወጣ። መብራቷ ጠፋች፣ እንደጠፋችም ቀረች። የየካቲቱን ቴፕ አስገባሁ። መዝገቡ ተነሣ። የእትዬ ጥሩወርቅን ቀበሌ ከፈትኩ፣ የመሬቱን ቁጥር ጻፍኩ።

የባለይዞታው ስም ወጣ። የሞቱት ባላቸው ስም ነበር።

ወረቀታቸው ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቶ ሳለ ነው ወሩ ያለቀው። ዞር ብዬ አየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ፊቴን ግን አነበቡት። ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

አቶ ሙሉቀን መጡና ገጹን አዩት። «ደግ ነው። አትሚውና ይዘሽላቸው ሂጂ። መዝገቡ የሚለው ይህን ነው።»

«ይሄ እኮ መሬቱን ለወንድምየው ይሰጠዋል።»

«እኛ መዝገብ ጠባቂ ነን፣ ዳኛ አይደለንም። ከጠየቁሽ መብረቅ ነው በይ። መብረቁ ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም። እስከዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው። በእውነተኛ ወረቀትና በእውነተኛ መብረቅ አንዲት ሴት ከመሬቷ ልትነቀል ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ችሎት ገባሁ። የባላቸው ወንድም ጋቢውን አጣፍቶ ከፊት ተቀምጧል። ዳኛዋ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና ቀና አሉ።

«በዚህ መሠረት ይዞታው እስካሁን በሟች ስም ነው። መዝገቡ እስከ ዛሬ ያለውን ሁሉ የያዘ ነው?»

አቶ ሙሉቀን ከኋላ እንደተቀመጡ አውቃለሁ።

«አይደለም፣ ክብርት ዳኛ። እስከ የካቲት መጨረሻ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አራት ወር ጠፍቷል።»

«በምን ምክንያት?»

«ሰርቨሩን መብረቅ መታው። ቅጂዎቹ ግን ከመብረቁ በፊት የተበላሹ ናቸው። ማሽኑ ቆሽሻለሁ ይለኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ሳላረጋግጥ ተረጋግጧል ብዬ ፈርሜያለሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በቅበላ ሳምንት ጣታቸውን አኑረዋል፤ ወረቀቱን ሳልጽፈው ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

«የፈረምሽው ሐሰት ነው እያልሽ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

የባላቸው ወንድም ተነሣ። «ማሽን ቆሸሸ ተብሎ መሬት ይሰጣል እንዴ? ወረቀቱ የሚለውን ብሏል!» ዳኛዋ አስቀመጡት። ረጅም ጊዜ ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ጣታቸውን ሲያኖሩ የነበሩ እማኞች ቀርበው እንዲሰሙ፣ እስከዚያ መሬቱን ማንም እንዳያርስ እንዳይዘራም አዘዙ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የደብሩ ቄስና ሁለት ጎረቤቶች መጥተው መሰከሩ። መሬቱ ለእትዬ ጥሩወርቅ ተፈረደላቸው። ይሁን እንጂ የገብስ ዘር ጊዜ አልፎ ነበር። ክረምቱን መሬቱ ጦም አደረ። መስከረም ላይ ጓያ ዘሩበት፤ ገብሱን ከሰው ጎተራ ነው የበሉት። ይህን ማንም አልመለሰላቸውም፤ እኔም መመለስ አልችልም።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ ሊሰጠኝ የነበረው እድገትም ቀረ። አቶ ሙሉቀን ለወራት አላናገሩኝም። ያ ክረምትና ተከታዩ በጋ የጠፋውን አራት ወር ለመመለስ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሬ ዞርኩ። በየደጁ እየቆምኩ «ጣትዎን አኑረው ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንደገና ያኑሩልኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ወተት ሰጠኝ፣ አንዳንዱ ውሻውን ለቀቀብኝ። ሁለቱም አልበዙብኝም።

እናንተ ቴፕ ድራይቭ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። የሰው ነገር በአደራ የያዛችሁ ግን ብዙ ናችሁ፤ የክሊኒክ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የዕድር መዝገብ። እኔ የተማርኩት ይህን ነው። ማሽን ከመሞቱ በፊት ይናገራል። መብራት ያበራል፣ ይዘገያል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን በግማሽ ደቂቃ ጨረስኩ ይላል። ፍጥነቱም ዝግመቱም ነገር አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተቀዳ ሁሉ ይነበባል ማለት አይደለም። አሁን በየወሩ መጀመሪያ አንድ ቴፕ እመርጣለሁ፣ ከውስጡ የአንድ ሰው መዝገብ አወጣለሁ፣ አትሜ በዓይኔ አየዋለሁ። ያን ጊዜ ብቻ እፈርማለሁ። እንዲያም ሆኖ ድራይቩ አንዴ ድምፁን ከቀየረ ምሳ አይበላልኝም። መረጋጋት ከዚያ ሰኔ ወዲህ እኔ ዘንድ የለም፤ እንዲመለስም አልፈልግም።

አዲሱ ደብተር የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ሊወስዱ መጡ። ደብተሩን ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም።

«እሱን ኋላ እወስደዋለሁ። መጀመሪያ ከካሴቱ አውጪኝ።»

የሳምንቱን ቴፕ አስገባሁ። ወንበር ስቤላቸው ከጎኔ ተቀመጡ። ቴፑ ያለ መንተባተብ ሄደ፣ ገጹም ተከፈተ።

«አንብቢልኝ» አሉ።

ስማቸውን፣ የመሬታቸውን ስፋት፣ በአራቱም አቅጣጫ የሚዋሰኗቸውን ሰዎች ስም አነበብኩላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው እስከ መጨረሻው አደመጡ።

«እንደገና» አሉኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ።